ዝግባው የሰበሰበው ገመድ

አንድ ግንበኛ ነበረ። ወለተ ሐና የንስሐ ልጄ፣ ጥያቄሽን ስሰማ ትዝ ያለኝ እርሱ ነው። «በየዓመቱ ያንኑ ጾም እጾማለሁ፣ ያንኑ በዓል አከብራለሁ፣ ያንኑ ቤተ ክርስቲያን እዞራለሁ፤ እንደ አውድማ በሬ ከመዞር በቀር ወደ እግዚአብሔር ምን ያህል ቀረብሁ? ዘንድሮስ የበዓሉ ዑደት ቢቀርብኝ?» ብለሽኛል። ከእኔ ይልቅ የግንበኛው ገመድ ይመልስልሽ።

ይህ ሰው ክብ በመሥራት የተመሰገነ ነበረ። በመካከል ቀጭን ችካል ይተክላል፣ በችካሉ ገመድ ያስራል፣ ገመዱን ወጥሮ ሲዞር ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ ደብር ሰዎች በሥሩ በሚጸልዩበት ጥንታዊ ዝግባ ዙሪያ ክብ ቅጥር እንዲሠራላቸው ጠሩት። መካከሉን ዛፉ ስለ ያዘው ችካል የሚተከልበት ስፍራ አልነበረም። ግንበኛውም «እንግዲያስ ግንዱ ችካል ይሁነኝ» ብሎ ገመዱን በዝግባው ላይ አጥብቆ አሰረ። ሥሩ የተበሳ አቁማዳ አመድ ሞልቶ በትከሻው አነገተና፣ አመዱን በመንገዱ እያፈሰሰ ዞረ።

ዞሮ ሲመለስ መስመሩ አልገጠመም፤ ከመነሻው ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ገመዱ የላላ መስሎት አጥብቆ ወጠረና እንደገና ዞረ። አሁንም አልገጠመም።

ከተሰበሰቡት አንዱ ገበሬ፣ «አያ ግንበኛ፣ ቅጥር ብንለምንህ የበግ ቀንድ ትሠራልናለህ?» አለው።

ሌላው ተቀብሎ፣ «ተወው እንጂ! ጠላ ሳይቀምስ እንዲህ ከዞረ፣ ቢቀምስ ኖሮ ወንዝ ይሻገር ነበር» አለ።

የደብሩ አለቃ ግን አልሳቁም። «ወንድሜ፣ በዓሉ ደርሶብናል። እስከ ሠርክ ካልገጠመልህ ሌላ ባለሙያ እንጠራለን» አሉት።

ግንበኛው አፈረ። ክብ ማጋጠም ያቃተው ግንበኛ መባሉ ከተሰማ፣ ከእንግዲህ ማን ቤተ መቅደስ ያሠራዋል? ገመዱን ሊፈታ እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። «ይህ ገመድ አንድም ጊዜ ወደ ውጭ አልሳተም፤ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነው። እስቲ ወዴት እንደሚወስደኝ ልየው» አለና፣ መስመሩ ባልገጠመበት ስፍራ ሳይቆም መንገዱን ቀጠለ። ዞረ፣ ደግሞም ዞረ። በእያንዳንዱ ዙር ገመዱ በግንዱ ላይ እየተጠመጠመ፣ የግንዱን ዙሪያ ያህል ያጥር ነበር። በመጨረሻ ገመዱ አለቀ፤ ግንባሩም የዝግባውን ቅርፊት ነካ። ደጀ ሰላም እንደሚሳለም ሰው ዛፉን ተሳለመው።

ከዚያ ዘወር ብሎ አመዱን ተመለከተ። ዘመኑን ሁሉ ሲያየው የኖረውን መስመር ያን ጊዜ ገና አስተዋለው። የበግ ቀንድ ሲያድግ እንዲህ ይዞራል፤ ቀንድ አውጣ ቤቱን እንዲህ ይሠራል፤ የዱባ ሐረግ የሚይዘውን ሲያገኝ እንዲህ ይጠመጠማል፤ የወንዝ አዙሪትም ቅጠሉን ወደ መካከሉ የሚወስደው እንዲህ ነው። ሁሉን በልክና በመስፈሪያ የሠራ አምላክ፣ ለታላቁም ለታናሹም ወደ መካከል የሚያስገባውን መንገድ አስቀድሞ ሥሎለታል።

«ምን አገኘህ?» አሉት አለቃው።

«አባቴ፣ ገመዱ አልተሳሳተም። ዛፉ እየሰበሰበኝ ነው» አላቸው።

ከዚያም ሐረግ ጐንጉኖ በግንዱ ዙሪያ ልል ቀለበት አደረገ፤ ገመዱንም በቀለበቱ ላይ አሰረው። ቀለበቱ ከእርሱ ጋር ስለ ዞረ ገመዱ አላጠረም፤ የቅጥሩም መስመር ገጠመ። ያ ፌዘኛ ገበሬ፣ «እንግዲህ የበግ ቀንዱን እንጥረገው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «የለም፣ ድንጋይ ደርድሩበት። ቅጥሩ ክብ ይሁን፤ መንገዱ ግን ይህ ነው» አለ። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ወደ ዝግባው የሚገባው በዚያ መንገድ ሆነ።

አሁን ልብ በይ፣ ልጄ። ዝግባው የእግዚአብሔር፣ ገመዱ የሃይማኖትሽ፣ ዙረቱ የዓመታትሽ ምሳሌ ነው። በልል ቀለበት የታሰረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢዞር ርቀቱ ያው ነው፤ አንቺ የፈራሽው ይህን ነው፤ መፍራትሽም መልካም ነው። አጥብቆ የታሰረ ግን ያንኑ ስፍራ የሚዞር እየመሰለው ይቀርባል። ገመዱን የሚያሳጥረው የእርሱ ብርታት አይደለም፤ ዛፉ ነው።

ያፈሰስሽውን አመድ ዘወር ብለሽ እዪው። መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣሽ ጊዜ የለመንሽው፣ ድንበር የገፋብሽ ጎረቤትሽ እንዲቀጣልሽ ነበር። በሌላ ዓመት ልብሽ እንዲያርፍ ለመንሽ። ዛሬ ደግሞ የጠየቅሽኝ ስለ ጎረቤትሽም ስለ ልብሽም አይደለም፤ ወደ እግዚአብሔር ስለ መቅረብሽ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ስለ መራቁ እንዲህ አያዝንም።

እንግዲህ ነጠላሽን አጣፊና ለነገው ዑደት ነይ፤ የቀረሽ ገመድ አጭር ነው።