ወርዶም የታገለው ቡድን

አንድ በከፍተኛ ሊግ የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን ንጋቱ የሚባል ሰው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቡድኑን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሊያሳድግ አንድ ጨዋታ ሲቀረው፣ መውረዱ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ቡድን ለተፎካካሪው ጨዋታውን ለቀቀለት፤ ስድስት ጎል ገባበት። ንጋቱ በጎል ልዩነት ቀረ። ክስ ይዞ ያላንኳኳው በር አልነበረም፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ያችን ቀን እንደ ቁስል እያከከ ኖረ። «እንዴት ዋልክ?» ላለው ሰው ሁሉ መልሱ ስለዚያች ቀን ነበር።

ዘንድሮ ያው ዕጣ ተመልሶ መጣ። ቡድኖቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ በአንድ ሜዳ በየተራ ነበር የሚጫወቱት። በመጨረሻው ቀን የንጋቱ ቡድን ጠዋት ተጫውቶ አሸነፈ። ተፎካካሪው ከሰዓት ይጫወታል፤ ካሸነፈ እርሱ ያድጋል፣ ነጥብ ከጣለ የንጋቱ ቡድን። የተፎካካሪው ተጋጣሚ ግን መውረዱን ካረጋገጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

«ሻንጣችሁን አዘጋጁ» አለ ንጋቱ። «የወረደ ቡድን ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቁኝ።»

«ኮች፣ ቢያንስ እንየው እንጂ» አለ በረኛው።

«ቀብሬን ለማየት ትኬት አልቆርጥም!»

ጎትተው ወሰዱት። ያየውን ማመን አቃተው። ወራጆቹ ዋንጫ እንደቀረበለት ሰው ይሮጣሉ። አምበላቸው ዳንጊሶ ግንባሩ ተፈንክቶ ወጣ፤ በፋሻ ታስሮ ተመለሰ። በዘጠናኛው ደቂቃ በረኛውን ያለፈች ኳስ ከጎሉ መስመር ላይ በጭንቅላቱ አወጣ። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ።

የንጋቱ ተጫዋቾች ሲጨፍሩ፣ እርሱ በቀጥታ ወደ ዳንጊሶ ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ መውረድህን እያወቅህ ግንባርህን የሰጠኸው ለማን ብለህ ነው?»

ዳንጊሶ ሳቀ። «ለእርስዎ እንዳይመስልዎት ኮች! የዛሬ ወር ሦስት አግብታችሁብናል፤ እኔማ ገና እንደተቀየምኩ ነኝ። ወረድን እንጂ መቼ ሞትን? ኳሷ ስትመጣ ታዲያ ምን ላድርጋት፣ ላሳልፋት?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ንጋቱ።

በማግስቱ ጠዋት የወራጆቹ አውቶቡስ ወደ አገሩ ሲነሳ፣ ንጋቱ ተጫዋቾቹን እነርሱ ባረፉበት ሆቴል በር ግራና ቀኝ አሰለፋቸው። ለሻምፒዮን የሚደረገውን ጭብጨባ ለመጨረሻው ቡድን አስጨበጨበ። ዳንጊሶ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በፋሻው ላይ እጁን አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ።

የድሮው በደል በደል ነበር፤ ዛሬም በደል ነው፤ ማንም አልካሰውም። ግን ንጋቱ አንዱ ቡድን ስለከዳው የወረደን ሁሉ ከዳተኛ ሲል ኖሯል። በደል ሳንጠራው በየቀኑ ይመጣል፤ ደግነትን ግን ተነስተን ሄደን ካላየነው በአጠገባችን ያልፋል።

እናንተስ፣ የበደሏችሁን ስትቆጥሩ ሳታመሰግኑት አውቶቡሱ የሄደ ማን አለ?