የትርንጎ ወተትና የሸክላ ሠሪዋ አመድ

ተረት አለኝ፤ ቅረቡ፣ ስደጋግመውም አትሰልቹ።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ልጇን ትርንጎን ወባ ይዟት ሰነበተና ሲለቃት ምግብ ሁሉ አስጠላት። «እማ፣ ትንሽ ወተት ብቻ» አለች።

አንጓች ወደ ላሟ ሄደች። «ቡሬ፣ ወተት ስጪኝ፤ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

«አልሰጥም» አለች ላሚቱ። «ሳሩ መች አጠገበኝ?»

ወደ ሳሩ ሄደች። ቁመቱ ያምራል፤ ቅጠሉ ግን በጥቁር ነጠብጣብ ተወሯል። «ሳሩ፣ ላሚቱን አጥግባት! ላሚቱ ወተት አልሰጥም፣ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

«አላጠግብም» አለ ሳሩ። «ጠቃጠቆ ጨረሰኝ እኮ!»

ወደ ጠቃጠቆ ዞረች። «ጠቃጠቆ፣ ሳሩን ልቀቅ! ሳሩ አላጠግብም፣ ላሚቱ ወተት አልሰጥም፣ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

«አለቅም። ዋግ የሳሩን ቆዳ እየቀደደ ያስገባኛል፤ ማን በር ተከፍቶለት ይመለሳል?»

«ዋግ፣ መቅደድህን ተው! ጠቃጠቆ አለቅም፣ ሳሩ አላጠግብም፣ ላሚቱ ወተት አልሰጥም፣ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

«አልተውም» አለ ዋግ፣ ቀይ ዱቄቱን እያራገፈ። «መሬቱ ቅጠሉን መች አጠነከረብኝ?»

«መሬቱ፣ ቅጠሉን አጠንክር! ዋግ አልተውም፣ ጠቃጠቆ አለቅም፣ ሳሩ አላጠግብም፣ ላሚቱ ወተት አልሰጥም፣ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

«በምኔ ላጠንክር?» አለ መሬቱ። «ባልሽ ዩሪያ ብቻ አጎረሰኝ። እሱ ያስረዝማል እንጂ አያጠነክርም። አመድ አምጪልኝ።»

የአንጓች ምድጃ አመድ አንድ ቁና አልሞላም። አመድ የተከመረው ሸክላ ሠሪዋ የሻረግ ደጅ ነው። አንጓች ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተጣራች። «የሻረግ፣ አመድ ስጪኝ! መሬቱ አላጠነክርም፣ ዋግ አልተውም፣ ጠቃጠቆ አለቅም፣ ሳሩ አላጠግብም፣ ላሚቱ ወተት አልሰጥም፣ ትርንጎ አልበላም ብላለች።»

የሻረግ ከጭቃዋ ቀና አለች። «አልሰጥም፣ እትዬ አንጓች። ስንት ዓመት ድስት ገዛሽኝ? አንድ ቀን ገብተሽ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ በአጥር ላይ ነው የምትቀበዪኝ።»

አንጓች ከሸክላ ሠሪ ቤት አይበላም ተብላ ነው ያደገችው። አፈረች። ከዚያ አጥሩን አልፋ ገባችና መደቡ ላይ ተቀመጠች። የሻረግ የባቄላ ንፍሮ አቀረበች። አንጓች ዘገነችና ቃመች።

«ይጣፍጣል፣ እታለም።»

«ጨው ያንሰዋል» አለች የሻረግ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

ሁለቱ አመዱን በጆንያ ተሸክመው ወረዱ። የታመመውን ሳር አጭደው አመዱን በተኑበት። ዝናብ ጣለ፤ አዲስ ሳር እስኪያቆጠቁጥ ትርንጎ አጥሚት ጠጪ እየተባለች ከረመች።

በመጨረሻ አመዱ መሬቱን አጠገበ፣ መሬቱ ቅጠሉን አጠነከረ፣ ዋግ መቅደድ አቃተው፣ ጠቃጠቆ መግቢያ አጣ፣ ሳሩ ላሚቱን አጠገበ፣ ላሚቱም ወተት ሰጠች።

ትርንጎ ኩባያውን ጨልጣ አፏን ጠረገች። «እማ፣ ራበኝ» አለች።

የሰማሁት ይኸው ነው፤ የራበው ሁሉ የሚያጎርሰው አይጣ።