አላምንም ያለው ሣጥንና የትርሲት ሙልሙል

ተረቴ መጣ!
ይምጣ፣ እሳት ዳር ይቀመጥ!

ደብረ ሲና ላይ፣ የነሐሴ ጉም አስፋልቱን በዋጠበት ሰሞን፣ አስካለ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ሁለት ጠባይ ነበራት። አንደኛው፣ «ለምን?» የምትለው ቃል ከአፏ አትጠፋም። ሁለተኛው፣ ቀለም ያልተቀባ ነገር ማየት አትወድም። ሁለተኛውን ለጊዜው እንተወው፤ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

የቡሄ ዋዜማ ነው። አስካለ የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነበር፤ ለክርስትና ልጇ ለትርሲት አንድ ሙልሙል ዳቦ መጋገር። ወጉ ነዋ! ለቡሄ የክርስትና እናት ሙልሙል ይዛ ትሄዳለች። አስካለ ግን እስከ ዘንድሮ ሩቅ አገር ትኖር ስለነበር፣ ትርሲት የሌሎችን ልጆች ሙልሙል እያየች ምራቋን ስትውጥ ነው ያደገችው። ዘንድሮ «የኔ የክርስትና እናት እኮ ዳቦ ቤት አላት!» ብላ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። እስከ ነገ መጠበቅ አላስችል ብሏት፣ ይኸው ራሷ መጥታ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ ትንሽ ከቆየ ይኮመጥጣል። ማገዶ እንዳትል ክረምቱ አርሶታል። አስካለ የጋዝ ምድጃዋን ለኮሰችው። ቧ! አለ፤ ወዲያው ድርግም። የመለኮሻውን ቀይ ቁልፍ ተጭና እንደገና ለኮሰችው። ቧ! ድርግም።

«አንተ ምድጃ፣ ለምንድን ነው የማትግለው?»

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? እሳቱ ብቅ ብሎ ይሄዳል። እሱን ጠይቂው።»

ምድጃው አልግልም አለ፣ ሙልሙሉ አልበስልም አለ፣ ትርሲትም ከደጃፍ «እትዬ አስካለ፣ ደረሰ?» አለች።

እሳቱን ጠየቀችው። «ጋዝ እየተቋረጠብኝ በምን ልቁም?» አለ እሳቱ ተቆጥቶ። «የጋዙን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቩ ነው። እሱን ጠይቂው።» ቫልቩ ደግሞ፣ «እኔ ታዛዥ ነኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሣጥን ክፈት ሲለኝ እከፍታለሁ፣ ዝጋ ሲለኝ እዘጋለሁ» ብሎ አረፈው።

ቫልቩ አልከፍትም አለ፣ እሳቱ አልቆይም አለ፣ ምድጃው አልግልም አለ፣ ሙልሙሉ አልበስልም አለ፣ ትርሲትም «ደረሰ?» አለች።

ይኼኔ ጎረቤቷ ጎሚስታው ጋሽ ደምሰው ግሪስ በግሪስ እንደሆነ ብቅ አለ።

«አስኩ፣ ምነው? ልጅቷን በጉጉት ልትገድያት ነው እንዴ?»

«ይኼ ምድጃ እኮ ነው፣ ጋሽ ደምሰው። ይለኮሳል፣ ይጠፋል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ቫልቩን በሽቦ ጠፍረን ክፍት እናድርገውና ሥራሽን ሥሪ! እኔ ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ አስነስቻለሁ መሰለሽ።» ሽቦውንም ከኪሱ መዘዘ።

አስካለ ሊጡን አየች፣ ደጃፉን አየች፣ ሽቦውን አየች። ልቧ ከዳት፤ እጇም ወደ ሽቦው ሄደ። ግን ያቺ የለመደባት ቃል ቀደመቻት።

«እስቲ ቆይ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ቫልቩን ለምን ዝጋ እንደሚለው ሣጥኑን ልጠይቀው።»

«እኔ ዕውር ነኝ» አለ ሣጥኑ። «እሳቱን አላየውም። እሳት ውስጥ የቆመችው ዘንግ ‹አለ› ካላለችኝ አላምንም። እሳት ሳይኖር ጋዝ ቢፈስ ቤቱን ይሞላዋል። ያኔ አንዲት ክብሪት ትበቃለች። ጣራሽንም አታገኚው፣ ደጃፍ የተቀመጠችውንም አታገኚያት።»

አስካለ ክው አለች። ጋሽ ደምሰው ሽቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ሣጥኑ አላምንም አለ፣ ቫልቩ አልከፍትም አለ፣ እሳቱ አልቆይም አለ፣ ምድጃው አልግልም አለ፣ ሙልሙሉ አልበስልም አለ፣ ትርሲትም «ደረሰ?» አለች።

«አንቺስ ዘንግ፣ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«ዝም አላልኩም!» አለች ዘንጓ። «ኤሌክትሪኩ በእኔ በኩል ይወጣል፣ እሳቱን ይሻገራል፣ በምድጃው ብረት ዞሮ ሣጥኑ ጋ ይመለሳል። ቃሌ የሚሰማው እሱ ሲመለስ ነው። ዛሬ ግን ወጥቶ ቀረ።»

«ቆይ ቆይ! ኤሌክትሪክ በእሳት ውስጥ ይሄዳል?» አስካለ ሙልሙሉንም ረሳችው።

«ይሄዳል እንጂ! እሳት ካለ መንገድ አለው። እሳት ከጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። ሣጥኑ እሳት መኖሩን የሚያውቀው በዚህ ነው።»

አስካለ ይህን ሁሉ ጊዜ ዳቦ ስትጋግር እሳት መንገድ መሆኑን አለማወቋ ገረማት። ደስም አላት። ኤሌክትሪኩንም ጠየቀችው።

«እሳቱንስ ተሻግሬ ነበር» አለ ኤሌክትሪኩ። «የምመለሰው በዚያ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነበር፤ እሱ አላሻግርም አለኝ። የመለኮሻው ብልጭታ ጉልበተኛ ነው፣ ዘሎ ያልፋል። እኔ ቀጭን ነኝ፣ መዝለል አልችልም።»

ሽቦው አላሻግርም አለ፣ ኤሌክትሪኩ አልመለስም አለ፣ ዘንጓ አልመሰክርም አለች፣ ሣጥኑ አላምንም አለ፣ ቫልቩ አልከፍትም አለ፣ እሳቱ አልቆይም አለ፣ ምድጃው አልግልም አለ፣ ሙልሙሉ አልበስልም አለ፣ ትርሲትም ድምፅዋ ቅጥን ብሎ «እትዬ፣ አሁንም አልደረሰም?» አለች።

«አንተ ሽቦ፣ ለምን?» አስካለ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ከምድጃው ጋር ያሰረኝ ብሎኑ ነው። እሱ ብረቱን ካልነከሰ እኔ በምን ላሻግር?»

«አንተስ ብሎን?»

«ጥርሴ ደህና ነው» አለ ብሎኑ። «ግን ከሥሬ ያለው ቀለም ነው። ብረት የት አግኝቼ ልንከስ?»

«አንተስ ቀለም? ማን እዚያ ግባ አለህ?»

ሰማያዊው ቀለም አብረቀረቀ። «እኔ በእግሬ መጣሁ እንዴ? ትናንት ምድጃዬ ለቡሄ ይመርልኝ ያልሽው አንቺ! ብሎኑን ፈትተሽ፣ ሥሩን ሳይቀር ሁለት ጊዜ ደራርበሽ ቀብተሽ፣ መልሰሽ ያሰርሽው አንቺ! እስቲ አሁን ‹ለምን› በይ!»

አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን ሳትል ቀረች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ጋሽ ደምሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ብሎን ፈትቶ ሥሩን የሚቀባ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት፣ አስኩ! በይ ካቻቢቴውን እንኪ።»

አስካለ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋች፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች፣ ብሎኑን ፈታች። ያንን የመሰለ ቀለሟን ስትፍቅ የራሷን ፀጉር የምትላጭ ያህል አንገበገባት። ግን ፋቀችው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ራቁት ብረት ብልጭ አለች። ብሎኑን መልሳ አጠበቀች፣ መብራቱን አበራች፣ ጋዙን ከፈተች፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

ቧ!

ቀለሙ ለቀቀ፣ ብሎኑ ነከሰ፣ ሽቦው አሻገረ፣ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ፣ ዘንጓ መሰከረች፣ ሣጥኑ አመነ፣ ቫልቩ ከፈተ፣ እሳቱ ቆየ፣ ምድጃው ጋለ፣ ሙልሙሉ በሰለ፣ አስካለም «ደረሰ!» ብላ ጮኸች።

ትርሲት እየሮጠች ገባች። ሙልሙሉን በሁለት እጇ ታቀፈችው። አቃጠላት፤ አልለቀቀችውም። ቀና ስትል ግን ምድጃው ላይ ያቺን ራቁት ቦታ አየች።

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ጋ መቀባት ረስተሻል።»

አስካለ ያልተቀባችውን ቦታ አየቻት፣ ልጅቷን አየቻት።

«አልረሳሁም፣ የኔ ልጅ» አለች። «ሙልሙልሽ የመጣው በዚያ በኩል ነው።»

ተረቴን ወሰዳችሁ፤ ከሙልሙሉ ቁራሽ አድርሱኝ።