ያለ ገመድ የተሰጠ ጀልባ

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ጀልባ ነበረው። የኔታ ልሳነወርቅ መልሳቸውን የጀመሩት በዚህ ነው።

የጠየቀቻቸው እቴነሽ ናት፤ ከተመረጠች ዓመት ያልሞላት የወረዳ ምክር ቤት አባል። የውሃ አገልግሎቱ ከማዕከል ወደ ወረዳው ከተላለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ፓምፑ ቆሟል፤ መለዋወጫው ግን እስካሁን በማዕከሉ መጋዘን ውስጥ ነው። ሕዝቡ በየማለዳው ባዶ ጀሪካን ይዞ ምክር ቤቱ በር ላይ ይቆማል።

«የኔታ፣ ግራ ገብቶኛል» አለቻቸው። «ወደ ላይ ስንጽፍ ‹ሥራው የእናንተ ነው› ይሉናል። እንግዲያው ዕቃውን ስጡን ስንል ‹አልተፈቀደም› ይሉናል። ለመሆኑ የተሰጠን ሥልጣን ነው ወይስ ወቀሳ? ሕዝቡንስ ማንን ጠይቁ ልበለው?»

የኔታም ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ባለጸጋው የሚኖረው ከወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው። ጀልባው አንዲትን መንደር ከወዲያ ማዶ ካለው ገበያና ከአዋላጇ ቤት ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ መሻገሪያ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሯል፤ አሻጋሪው ያንን እየሳበ ሰውን ያሻግራል። አንድ ሳንቃ ቢላቀቅ እንኳ ያለ ባለጸጋው ቃል አይመታም። ሰው ይላካል፣ ደጅ ይጠናል፣ ሳምንት ያልፋል።

ባለጸጋው ደጅ ጠኚ ሰለቸው። አንድ ቀን ራሱ መጣና ሕዝቡን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ጀልባው የእናንተ ነው። መቼ እንደሚሻገር፣ ማንን እንደሚያሻግር እናንተ ወስኑ። ወደ እኔ አትምጡ» አለ። ሕዝቡ ደስ አለው። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ገበሬና አንድ ቆዳ ፋቂ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዘበራረቀ። ነጋዴው አሻጋሪውን «ገበያተኛ እስኪሞላ ጠብቅ» ይለዋል፤ ገበሬው «ማልደህ ተነሣ» ይለዋል። ቆዳ ፋቂው ሰዎች እንዳይንቁት ስለሚፈራ አይናገርም። አሻጋሪው የለመደው የአንድ ሰው ቃል ስለነበር በየቀኑ ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ የመጨረሻው ትእዛዝ የማን እንደሆነ ያሰላስላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ገመዱ ሳሳ። ሽማግሌዎቹ ወደ ባለጸጋው ሄዱ። «ጀልባው የእናንተ ነው አላልኩም? የጀልባው ገመድም የእናንተ ነው» አላቸው። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ «ገመድ ያለ ጌታዬ ትእዛዝ አይወጣም» አላቸው። ትእዛዙን ሊያመጡ ቢመለሱ ባለጸጋው ሌላ አገር ሄዷል። ባዶ እጃቸውን ወደ መንደራቸው ገቡ፤ ገመዱ የማን እንደሆነ እነሱም አላወቁም።

ወንዙ በሞላበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ፣ አንድ ጎልማሳ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ መጣ። አሻጋሪው ገመዱን አሳየው።

«ቢበጠስ ሁላችንም እንሄዳለን። ማን አዞኝ ልሻገር?»

ጎልማሳው ወደ ነጋዴው ሮጠ። ነጋዴው «እኔ ብቻዬን ምን ሥልጣን አለኝ? ገበሬውን ጠይቀው» አለው። ገበሬው ደግሞ «ሦስታችን ሳንሰበሰብ አይሆንም። ገመዱም ቢሆን የባለጸጋው ነው» አለው። ወደ ወንዙ ሲመለስ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ሚስቱ መጮኽ አቁማለች።

ቆዳ ፋቂው ወሬውን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ቤቱ ገብቶ ያለውን የጠፍር መጫኛ ሁሉ አወጣ። በየደጁ እየዞረም «የከብት መጫኛ ያላችሁ አምጡ» አለ። አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ገምዶ ከአሮጌው ገመድ ጋር አሰረና ጀልባው ላይ ወጣ።

«ማን አዘዘ?» አለ አሻጋሪው።

«እኔ። የሆነ ነገር ቢመጣ ጠያቂው ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ።»

ገመዱ ያዘ። ተሻገሩ። አዋላጇ እስኪመሽ ደከመች። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። አዋላጇ እጇን እየታጠበች «ጧት ብትደርሱልኝ ኖሮ» አለች።

በማግስቱ ጎልማሳው ወንዙ ዳር ተቀመጠ። ማንን እንደሚከስ ጠፋው። ባለጸጋውን እንዳይል ጀልባው የእሱ አይደለም። ሽማግሌዎቹን እንዳይል ገመድ አልተሰጣቸውም። አሻጋሪውን እንዳይል ያዘዘው አልነበረም። ቆዳ ፋቂው ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሽማግሌ ሆኜ ተመርጬ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ክስህን ወደ እኔ አምጣው» አለው። ጎልማሳው አልከሰሰውም። መጀመሪያ ሰደበው፤ ቀጥሎ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጀልባ ጉዳይ ያለው ሁሉ ቆዳ ፋቂው ደጅ ይሄድ ጀመር። የሚያመሰግነውም የሚራገመውም ነበረ። በሳምንቱ መንደሩን በሙሉ አስከትሎ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ፤ ገመዱ እስኪሰጣቸውም አልተነሣም።

የኔታ ወደ እቴነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለጸጋው የእናንተ ማዕከል ነው። ጀልባ ሰጥቶ ገመድ ማስቀረቱ በደል ነው፤ ሥራውን ሰጥቶ ወቀሳውን ከራሱ አወረደ። ነጋዴውና ገበሬው እናንተ ናችሁ። የተባለው እውነት ነው፤ ገመድ አልነበራቸውም። ግን መጫኛ በየቤቱ ነበረ።»

«እንግዲያው ሕፃኑን የገደለው ማን ነው ይበሉኝ?» አለች እቴነሽ። «እኔ አሁንም አልለየልኝም።»

«እኔም አልለየልኝም» አሉ የኔታ። «ስንት ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን በባለጸጋው እፈርዳለሁ፣ ሌላ ቀን በሽማግሌዎቹ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያቺ ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታ ያንን ክርክር መጠበቅ አልነበረባትም። ጀልባው የመንደሩ የሆነው ባለጸጋው በተናገረ ቀን አይደለም፤ አንድ ሰው ‹እኔን ጠይቁ› ባለ ቀን ነው። ነገ ሕዝቡ ማንን እንጠይቅ ሲልሽ ‹እኔን› በይው። መልሱን ባታውቂውም እንኳ በይው። ከዚያ ጀሪካኑን እንደያዘ አስከትለሽው ወደ መጋዘኑ ሂጂ።»