ዳማ ብስክሌትና ቀዩ ሽፋን

ተረቴ ከደጅ ቆማለች፤ ግቢ በሏት። ገባች? እንግዲያስ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረቱም እንስሳውም እንደ ሰው ይነጋገር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ አስረበብ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ከተማም ሆነ ገጠር ትሄዳለች፤ የምትሄደውም በብስክሌቷ ነው። መልኩ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለነበር "ዳማ" ብላ ትጠራዋለች።

በዳማ ገላ ላይ ሁለት ባልንጀሮች ይኖሩ ነበር። አንዱ የማርሹ ሽቦ ነው፤ ሌላው ሽቦውን እንደ ሰገባ አቅፎ የያዘው ሽፋን ነው። ዳገት ሲመጣ አስረበብ ማርሹን በእጇ ትጫናለች፤ ሽቦው ይስባል፤ ሽፋኑ ይመክታል፤ ሰንሰለቱም ወደ ቀላሉ ማርሽ ይሻገራል። እንዲህ እየሆኑ ስንቱን ዳገት ወጡ፤ ስንቷን እናት አገላገሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሽቦው፣ "ዳማ፣ አንዱ ጅማቴ ተበጠሰ፤ ለእመቤታችን ንገርልኝ" አለ።

"ቻለው" አለ ዳማ።

ክረምት ገባ። ሽፋኑም፣ "ዳማ፣ ተሰነጠቅሁ፤ ውሃና ጭቃ እያስገባሁ ነው፤ ንገርልኝ" አለ።

"አንተም ቻለው" አለ ዳማ።

ሰነበተና ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ያኔ ማንም ሳይነግራት አስረበብ አወቀች።

ዳማን እየገፋች ብስክሌት ጠጋኙ ጥጋቤ ዘንድ ወሰደችው። ጥጋቤ ከዋርካ ሥር ነው የሚሠራው፤ ሽቦውንም ሽፋኑንም በያይነቱ ሰቅሎታል።

"በል ዳማ፣ ተሸክመኸኝ የምትወጣው አንተ ነህ፤ የሚስማማህን ምረጥ" አለችው።

ሽቦውን መምረጥ አላስቸገረም። ቀጭን፣ ልስልስ ያለ፣ ዝገት የማይደፍረው አንድ ሽቦ ነበረ፤ እሱን ያዘ። ጭቅጭቁ የመጣው በሽፋኑ ነው።

አንድ ቀይ ሽፋን ነበረ፤ የሚያብረቀርቅ፤ ገዢ አጥቶ የከረመ። "ዳማ ጌታዬ፣ እኔን ብትለብስ እንደ ሙሽራ በቅሎ ታምራለህ። አገር ቆሞ ያይሃል" አለው።

ከጎኑ የተሰቀለ ደብዛዛ ጥቁር ሽፋን፣ "እኔ መልክ የለኝም" አለ። "ግን በውስጤ ያለው የብረት አጥንቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተኛ ነው፤ ሲስቡኝ አልኮማተርም። የቀዩ አጥንት እንደ እባብ የተጠመጠመ ነው። ለፍሬን ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክደውም። ለማርሽ ግን ሽቦው ሲስብ እሱ ይጨማተራል፤ የሽቦው ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል።"

አሮጌው ሽፋን፣ ገና ከዳማ ገላ ላይ ሳይነቀል፣ "እውነቱን ነው፤ እኔም የጥቁሩ ዘመድ ነኝ" አለ።

"አንተ ደግሞ ተሰንጥቀህ ልትጣል ነው፤ ቢያምርብኝ ቀናህ!" አለው ዳማ።

ከዋርካው የታሰረች አህያ ይህን ሰማች። "ዳማ ወንድሜ፣ እኔ ጌጥ ስላሰሩልኝ ጭነት ቀሎኝ አያውቅም" አለችው።

"አህያ ስለ ጌጥ ምን ታውቃለች!" አለ ዳማ።

ሦስቱም መከሩት፤ ሦስቱንም ናቀ።

አስረበብ ወደ ጥጋቤ ዞር ብላ፣ "ጥጋቤ፣ ልዩነት አለው እንዴ?" አለችው።

ጥጋቤ ያውቃል። ቀዩ ሽፋን ግን ከርሞበታል፤ ሊገላገለው ይፈልጋል። "ኧረ እትዬ፣ ሽፋን ሽፋን ነው፤ ምን ልዩነት አለው ብለሽ ነው" አላት። አሮጌውን ነቀለና ቦይ ውስጥ ወረወረው። ለዳማም ቀዩን አለበሰው።

ዳማ ወደ ከተማ ወጣ። አውራ ዶሮው አጥር ላይ ሆኖ፣ "አማረበት! አማረበት!" ብሎ ጮኸ። ከተማው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ የማያምር የለም።

አዲሱ ሽቦ ግን ከውስጥ ሆኖ፣ "ቀዩ፣ እኔ ስስብ አንተ ትኮማተራለህ፤ ለእመቤታችን እንንገራት" አለ።

"ዝም በል!" አለው ቀዩ። "ከተናገርህ ሁለታችንንም ነቅላ ትጥለናለች።"

ሽቦው ፈራ። ዝም አለ።

አንድ ቀን ጉብታው ላይ ማርሹ ዘገየ። "አዲስ ነው፣ ይላመዳል" አለች አስረበብ። ሌላ ቀን ከድልድዩ ማዶ ሰንሰለቱ ከማርሽ ማርሽ እየዘለለ አስቸገራት። "ለጥጋቤ አሳየዋለሁ" አለች፤ ወላዱ በዛባትና ሳታሳየው ቀረች።

ከዚያ አንሙት መጣ። አንሙት ከተራራው ማዶ የሚያርስ ገበሬ ነው። ዝናብ እየወረደበት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "እትዬ አስረበብ! ባለቤቴን፣ ይታክቱን፣ ምጥ ከያዛት ውሎ አድሯል፤ አሁን ደግሞ ደም መጣባት!" አለ።

"አንተ በእግርህ ድረስ፤ እኔ ቀድሜህ እደርሳለሁ" አለችው።

ቦርሳዋን አዝላ ወጣች። ሜዳውን ዳማ በረረ። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ማርሹን ተጫነችው። ሽቦው ሳበ፤ ቀዩ ተኮማተረ። እንደገና ተጫነችው፤ ሰንሰለቱ ከሁለት ማርሽ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ። በሦስተኛው ሰንሰለቱ ወለቀና በጎማውና በብረቱ መካከል ገብቶ ተሰነቀረ።

አስረበብ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ በእጇ ጎተተችው። ጥፍሯ ተነቀለ። "ዳማ፣ ምነው? ምነው ዛሬ?" አለችው። ከመንገዱ ዳር ጣለችውና ዳገቱን በእግሯ ሮጠች።

ስትደርስ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ይታክቱ ዝም ብላለች። የይታክቱ እናት ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልለው ይዘው ቁጭ ብለዋል። አላለቀሱም። ቀና ብለው አይተዋት፣ "'እሷ ብስክሌት አላት፤ አሁን ትደርሳለች' እያለችኝ ነው የሄደችው" አሏት።

አስረበብ በጭቃ እጇ በሩን ተደግፋ ቆመች። ከኋላዋ አንሙት ሮጦ ደረሰ፤ ቀድሞ የሰማው የልጁን ድምፅ ነበርና ፈገግ ብሎ ገባ።

ከቀብር በኋላ ዳማን እየገፋች ወደ ጥጋቤ ሄደች። "ልዩነት አለው ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር" አለችው።

ጥጋቤ መሬት መሬት አየ።

"ጥፋቱ የሽቦው ነው" አለ ዳማ።

"አዎ፣ የሽቦው ነው" አለ ቀዩ።

ሽቦው ብቻ፣ "እኔ አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልሁ" አለ።

ጥጋቤም ጥፋቱን ያመነውን በጉጠት ቆርጦ ጣለው። ሌላ ሽቦ አመጣ፤ ያን ደብዛዛውን ጥቁር ሽፋን አለበሰው። ቀዩን ደግሞ በጨርቅ ወልወል አደረገና ለሚመጣው ሰው ሰቀለው። በማግሥቱ አንድ መንገደኛ መጣና፣ "እንዴት ያምራል!" ብሎ ገዛው።

አስረበብ ዛሬም ያን ዳገት ትወጣለች። ማርሹ አይዘገይም፤ አይስትም። በአንሙት ደጅ ስታልፍ ከዳማ ላይ ወርዳ፣ "እንደምን ዋላችሁ እማማ?" ትላለች። አሮጊቷ ሕፃኑን አቅፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ እንጂ አይመልሱላትም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እውነት የተናገረው ቦይ ተጣለ፤ ያመነው ተቆረጠ፤ የዋሸው ገበያ አገኘ። በሜዳ ያማረ በዳገት ይታወቃል፤ የታወቀ ዕለት ግን ሰው ሞቷል።

ተረቴን ያዙልኝ፤ ምሬቱን አትመልሱብኝ።