በውርጭ አገር የበሰለ በለስ

ስሟ በተረሳ፣ በተራራ ጫንቃ ላይ በተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሼህ ሙዘሚል የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አገሩ እጅግ ብርዳም ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያነጋል። እንዲህ ባለው ስፍራ ሼሁ በጓሯቸው በለስ ተከሉ። እሾሃሙን የቁልቋል በለስ ማለቴ አይደለም፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን፣ ሲቆርጡት ወተት የሚያነባውን፣ ሙቀት ወዳዱን ዛፍ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። «ሼሃችን፣ ግመሉንስ መቼ ያመጡልናል?» ያላቸውም ነበር። የመጀመሪያውን ችግኝ ውርጭ ፈጀው፤ ተከታዩንም ፈጀው። ሼሁ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ሌላ ችግኝ አስመጥተው ከጓሯቸው ጫፍ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር ተከሉት። በውርጭ ወራት ግንዱን በገለባ እየጠቀለሉ፣ ቅርንጫፎቹን በግንቡ ላይ እየዘረጉ አሳደጉት። ዛፉ ጸደቀ፤ ፍሬም ያዘ። በለስ ጥሬውን ከተቀጠፈ እንደ ሙዝ ጓዳ ውስጥ አይበስልምና፣ አንገቱ ለስልሶ እስኪያዘነብል፣ ከታቹም የማር ጠብታ እስኪታይ በሶብር፣ ታግሠው ይጠብቁት ነበር።

ቆላ እንጂ ደጋ የማያውቀው ፍሬ በአመዳይ መካከል መብሰሉ ለከተማው ሰው እንቆቅልሽ ሆነበት። «ይህማ የሼሁ ከራማ ነው» ተባለ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ለበረካ አንድ ፍሬ እንዲላክለት ይለምን ጀመር።

ከግንቡ ማዶ ግን ይማም የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ምድጃው ከግንቡ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ማረሻና ማጭድ የሚሠራለት ሕዝብ ከእጁ እህል አይቀምስም፤ ዓይኑንም ይፈራል፤ የቀጥቃጭ ዓይን ያደርቃል ይባላልና። አንድ ዓመት ይማም የሞተ ወንድሙን ሊቀብር ሩቅ አገር ሄዶ በዚያው ሰነበተ። ምድጃው ጠፋ። በዚያው ሰሞን ውርጭ ወረደና የበለሱ ቅጠል ጠቆረ። ሼሁ ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ እንደ መቃብር ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዱዓቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ የጎደለው እሳቱ ብቻ ነው። ይማም ተመልሶ ወናፉን መንፋት ሲጀምር ዛፉም ዳግመኛ አቆጠቆጠ። ሼሁ ይህን ለሰው ቢናገሩ ሁሉም «ትሕትናቸው እኮ ነው!» እያለ ከራማቸውን ይበልጥ አገነነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሼሁ ግቢ ተሰበሰቡ። ያሰባሰቧቸው ሐጂ ፈድሉ የተባሉ ባለጸጋ ነጋዴ ናቸው።

«ሼሃችን፣ ይህ ቀጥቃጭ ከሰፈራችን ይውጣልን» አሉ ሐጂ። «የልጅ ልጄ በደጁ ባለፈ ማግሥት ታመመ። የእርስዎ ቃል ከታከለበት ዳኛው አይመልሰንም።»

«ማረሻ ሲሰበርብንስ ወዴት ልንሄድ ነው?» አለ አንድ ገበሬ።

«አንተ ምን ቸገረህ? በሬህ እንደሆነ ዓይን የሚበላው ሥጋ የለውም!» አለው አጠገቡ የተቀመጠው፤ ጀመዓውም ሳቀ።

ይማም ከበሩ አጠገብ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም። «ሼሁ፣ ልጆቼን ይዤ በዚህ ውርጭ የት እገባለሁ?» አለ።

ሼህ ሙዘሚል ወደ ሐጂ ፈድሉ ዞሩ። «ልጁ አሁን እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! የላኩለት በለስ አፉን ከፈተለት፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ ይቀምሳል። ከራማዎ ነው።»

«ከራማ አይደለም፣ ሐጂ። ሺፋው፣ ፈውሱ፣ ከአላህ ነው፤ ፍሬውን ያበሰለው ግን የዚህ ሰው እሳት ነው። ዓይኑ የሚያደርቅ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚደርቀው ይህ ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፉ ግንቡን አልፎ ከፊቱ ተንጠልጥሏል፣ በየዕለቱ ያየዋል።»

ሐጂ ፈድሉ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አይቆጡኝና ሼሃችን፣ ቀጥቃጩ ከሄደ በለስዎ ይደርቃል። ለዛፍዎ የሚሟገቱ አይመስልብዎትም?»

ሼሁ ግን አልተቆጡም።

«ሐቅ ነው የተናገሩት። በምስክርነቱ የሚጠቀም ሰው ምስክርነቱ አይያዝለትም፤ ይህን ያስተማርኋችሁ እኔው ነኝ።» ይህን ብለው ተነሡና በመካከል ቆሙ። «ጀመዓ፣ ስሙኝ። ይህን በለስ ከቆመበት መሬት ጋር ለይማም ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ አንዲት ፍሬ ብቀምስ በእሱ ፈቃድ ነው። ይማም፣ ተቀብለሃል?»

«ኧረ ሼሁ፣ እኔ እንዴት አድርጌ…»

«ስጦታ የሚጸናው ሲቀበሉት ነው። ተቀብለሃል ወይ?»

«ተቀብያለሁ» አለ ይማም።

«እንግዲህ አሁን ልመስክር። ከዚህ ሰው ጋር ጀርባ ለጀርባ ኖሬአለሁ። ከእሱ ወደ እኔ ሙቀት እንጂ ክፉ ነገር አልመጣም። ከእኔ ወደ እሱ ግን ምስጋና እንኳ አልተሻገረም፤ የእሱን ምስጋና እናንተ ለእኔ ስትሰጡኝ ኖራችኋል።»

አንዳንዶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ሐጂ ፈድሉ ግን ተቀምጠው ቀሩ። ይማም ወደ ዛፉ ሄደ፤ አንገቱን የደፋ አንድ በለስ መርጦ ቀጠፈና በሁለት እጁ ይዞ ቀረባቸው። «ለልጁ ያድርሱልኝ» አላቸው። ሐጂ ጥላሸት የጠጣውን እጅ አዩት፤ ሰውም ሁሉ ሐጂን አያቸው። ሐጂም እጃቸውን ዘረጉ። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ይማም» አሉ። ፍሬውንም ከእጁ ተቀበሉ። ይማም ከሰፈሩ ይውጣ የሚል ቃል ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ገበሬው፣ «ሼሃችን፣ ከራማዎን በገዛ አፍዎ አፈረሱት፤ አይቆጭዎትም?» አላቸው።

ሼህ ሙዘሚልም፣ «አላህ በሰው እጅ ሲያሞቅህ፣ እጁን ሸሽገህ ሙቀቱን ብቻ አታመስግን» አሉት።

ወንድሞቼ፣ ሐሰት ከመናገር መራቅ ቀላል አይደለም፤ ሰው ስለ እኛ የሚናገረውን ያማረ ሐሰት ማረም ግን ከዚያም ይከብዳል። ሼሁ ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም በውሸት አይከሳቸውም ነበር፤ ክብራቸውም በመጨመር ላይ ነበር። ነገር ግን ያ ክብር የአንድ ጎረቤትን ሐቅ ተጭኖ የቆመ መሆኑን አወቁና ከላዩ ወረዱ። የወረዱት ከሰው ዓይን ነው፤ በአላህ ዘንድ ግን እንዲህ ያለው መውረድ ከፍታ ነው። ቸር ጌታ ለውርጭ አገር እንኳ በለስ ያበስላል፤ የፈራነውንና የናቅነውንም ሰው ምድጃ ለዚህ ሥራ ሊመርጥ ይችላል። የእኛ ፈንታ ግንቡን ዳስሰን፣ ሙቀቱ ከማን እንደ መጣ መጠየቅ ነው።