አመልካች ጣት እና የጥብሱ ሸክላ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ያልገባው ሰው ቢኖር ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የነርቮቹ ነው።

ደርበው የሚባል ሰው ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት ቤት ምሳ ተጠራ። አባትየው አቶ ይመኑ ጥብስ የሚንጨረጨርበትን ሸክላ በጨርቅ ይዘው መጡና «እንካ ልጄ፣ ጠረጴዛው ላይ አድርሰው» አሉት። ሸክላውን ሰጡት፤ ጨርቁን አስቀሩ። ደርበውም ጨዋ ነውና በባዶ እጁ ተቀበለ።

አመልካች ጣቱ ወዲያው ነደደ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልቀቁኝ ነው የሚለው። ስሙም ሥራውም ማመልከት ስለሆነ በደንቡ መሠረት ከላይ ጀመረ።

«ጋሼ ጡንቻ፣ ይልቀቁኝ፤ ነደድኩ እኮ።»

«አዛዥ ነርቭ ሳያዙ?» አለ ጡንቻ። «ከሥራ ልታስወጣኝ ነው?»

አመልካች ወደ አዛዥ ነርቭ ሄደ። «ጡንቻ አልለቅም አለ፤ እኔም ነደድኩ። ይዘዙልኝ ጌታዬ።»

«በአንድ ሰው ወሬ አላዝም» አሉ አዛዡ። «ከየአቅጣጫው የሚመጣልኝን አዎ እደምራለሁ፤ አይ ሲመጣ እቀንሳለሁ። አስር ከሞላ አዛለሁ፤ ካልሞላ ዝም ነው። ካንተ በኩል መልእክተኛው ነርቭ ምንም አላደረሰልኝም።»

ወደ መልእክተኛው ሄደ። «አዛዥ አላዝም አሉ፤ ጡንቻ አልለቅም አለ፤ እኔም ነደድኩ። አድርስልኝ።»

«በእኔና በአዛዡ መካከል ክፍተት አለ» አለ መልእክተኛው።

«ሰፊ ነው?»

«በዐይን አይታይም።»

«ታዲያ ዝለለዋ።»

«ነርቭ አይዘልም፤ ነውር ነው። ክፍተቱን የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ያለው ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ለምነው።»

ወደ ከረጢት ሄደ። «መልእክተኛ አላደርስም አለ፤ አዛዥ አላዝም አሉ፤ ጡንቻ አልለቅም አለ፤ እኔም ነደድኩ። ፈንዳልኝ።»

«ካልሲየም ሳይገባ አልፈነዳም።»

ወደ ካልሲየም ሄደ። ካልሲየም ከመልእክተኛው ነርቭ በር ውጭ ቆሟል። «ከረጢት አልፈነዳም አለ፤ መልእክተኛ አላደርስም አለ፤ አዛዥ አላዝም አሉ፤ ጡንቻ አልለቅም አለ፤ እኔም ነደድኩ። ግባልኝ።»

«በሩ ዝግ መሆኑ አይታይህም?»

በሩን ለመነ። «ካልሲየም አልገባም አለ፤ ከረጢት አልፈነዳም አለ፤ መልእክተኛ አላደርስም አለ፤ አዛዥ አላዝም አሉ፤ ጡንቻ አልለቅም አለ፤ እኔም ነደድኩ።»

«ኤሌክትሪክ ካልነዘረኝ አልከፈትም» አለ በሩ።

አመልካች ኤሌክትሪክን ሲፈልግ ሲፈልግ የገዛ ጫፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ የምነሳው ካንተ ነው» አለ ኤሌክትሪክ። «ነደድኩ ብትለኝ ይበቃ ነበር። ምን ያዞርሃል?»

«ከላይ የሚጀመር መስሎኝ።»

ኤሌክትሪክ ሮጠ። በር ተከፈተ፤ ካልሲየም ገባ፤ ከረጢት ፈነዳ፤ ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻገረ፤ አዛዥ ደመሩ።

«ስድስት አዎ» አሉ።

በዚህ መሃል ከጭንቅላት በኩል ይሉኝታ እያለከለከች ደረሰች። ይሉኝታ ሥራዋ መከልከል ነው። «አይ፣ አይ፣ አይ። አማት ፊት ሸክላ አይጣልም። ሰው ምን ይላል?»

«ከስድስት ሦስት ሲቀነስ ሦስት» አሉ አዛዡ። «ጉዳይህ አልሞላም።»

አመልካች ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «አውራ ጣት፣ አንተ አልነደድክም?»

«ሞቻለሁ። አንተ ካመለከትክ ይበቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

የቀሩትም ሦስቱ እንዲሁ ብለው ነበር የተቀመጡት። አሁን አምስቱም በአንድ አፍ ነደድን አሉ። ኤሌክትሪክ ሮጠ፤ በር ተከፈተ፤ ካልሲየም ገባ፤ ከረጢት ፈነዳ፤ ኬሚካሉ ተሻገረ፤ አዛዥ ደመሩ። ሠላሳ አዎ። ይሉኝታ ሦስቷን አይ ይዛ ቀረች። አዛዥ አዘዙ፤ ጡንቻ ለቀቀ፤ ሸክላው ወለሉ ላይ ተፈረከሰ፤ አመልካች ጣትም ተገላገለ።

ወሬው ጭንቅላት ዘንድ የደረሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጭንቅላት ግን ያላዘዘው ነገር እንዲኖር አይወድም። ደርበው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስቤበት ነው አባባ።»

አቶ ይመኑ ወለሉ ላይ የተበተነውን ጥብስ ትክ ብለው አዩት።

«ማሰቡስ ደግ ነበር» አሉ። «ከመቀበልህ በፊት ብታስብ ደግሞ ምሳ እንበላ ነበር።»